የዩሊየስ ቄሣር አወዳደቅ፤ በታሪክና በመድረክ

ዩሊየስ ቄሣር ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን አኗኗሩ ሳይሆን አሟሟቱ ነው፡፡ እሱንም ቢሆን የምናውቀው ከታሪክ መጽሐፍ ይልቅ ከሼክስፒር ቴአትር ነው፡፡ የጠንቋዩን ማስጠንቀቂያ ንቆ፣ የሚስቱን ልመና አልፎ ከቤቱ የወጣው፣ ከገዳዮቹ መካከል ወዳጁን ብሩተስን ሲያይ ተስፋ ቆርጦ የወደቀው ሰው በዓይነ ኅሊናችን ተስሏል፡፡ እኔ ግን የተማርኩት ሕግ በመሆኑ ነው መሰለኝ፣ ይህን ታሪክ ባነሳሁ ቁጥር ሐሳቤን የሚይዘው ከጩቤው በፊትና ከጩቤው በኋላ በሕጉ ላይ የደረሰው ነገር ነው፡፡ ዛሬ ለአንባቢያን ላካፍል የፈለግሁትም ይህንኑ ነው፡፡ የምጠቅሳቸው የሮማ ዓመታት ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ፡፡

ቄሣር የተወለደው በ100 ነው፡፡ ዘሩ የከበረ፣ የቤተሰቡ ሀብትና ተሰሚነት ግን እምብዛም ነበር፡፡ ወጣት ሳለ ሮማን የሚገዛው ሱላ የሚባል ጨካኝ ዲክታተር ነበር፡፡ ሱላ ጠላቶቹን በስም ዝርዝር እያስለጠፈ ካስፈጀ በኋላ፣ ማንም ሳያስገድደው ሥልጣኑን ለቆ ቤቱ ገባ፡፡ ቄሣር በኋላ ዘመን ይህን አንስቶ፣ ሱላ ዲክታተርነቱን መልቀቁ ፊደል እንዳልቆጠረ ያሳያል ብሎ መሳለቁን ጸሐፊው ስዌቶኒየስ መዝግቦታል፡፡ ሰውየው ስለ ሥልጣን ያለው አመለካከት ከዚህች ቀልድ ይታወቃል፡፡

ቄሣር በብድር ገንዘብ ድግስ እየደገሠ፣ በንግግር ችሎታው ሕዝቡን እየማረከ ወጣ፡፡ በ59 ቆንሲል ሆነ፡፡ ከ58 ጀምሮም የዛሬዋን ፈረንሣይና አካባቢዋን፣ የዚያን ጊዜዋን ጋሊያ፣ ለመያዝ ዘመተ፡፡ ዘመቻው ሲያልቅ ሀብትም፣ ዝናም፣ ከአገሩ ይልቅ ለእሱ የሚታመን ጦርም ነበረው፡፡ በሮማ ያሉት ተቀናቃኞቹ ደግሞ ጦሩን በትኖ እንደ ተራ ሰው ሲመለስ በቆንሲልነቱ ዘመን በሠራው ሕገ ወጥ ሥራ ፍርድ ቤት ሊገትሩት ይጠብቁት ነበር፡፡

በጥር 49 ሴኔቱ ጦርህን በትን አለው፡፡ ውሳኔውን የተቃወሙ ሁለት ትሪቢዩኖች ሕይወታቸው አስግቷቸው ከከተማው ሸሽተው ወደ ቄሣር መጡ፡፡ ትሪቢዩን ማለት ተራው ሕዝብ መብቱን እንዲያስጠብቅለት የሚመርጠው እንደራሴ ነው፡፡ የመንግሥትን ውሳኔ መሻር ይችላል፤ እሱን መንካትም በሃይማኖትም በሕግም የተከለከለ ነበር፡፡ ቄሣር የሩቢኮንን ወንዝ ከነጦሩ ሲሻገር ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ የተደፈሩትን የትሪቢዩኖች መብት ማስመለስ የሚል ነበር፡፡ ይህን ምክንያት አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እፈልጋለሁ፤ ወደፊት እንመለስበታለን፡፡

ጦርነቱን ቄሣር አሸነፈ፡፡ ባላጋራው ፖምፔ በ48 ፋርሳለስ ላይ ድል ሆኖ ግብፅ ሲደርስ ተገደለ፤ የመጨረሻው ውጊያም በ45 ስፔን ውስጥ ተፈጸመ፡፡ ቄሣር ክፉ ገዢ ብቻ ነበር ማለት ግፍ ይሆናል፡፡ ለጣሊያን ሰሜን ነዋሪዎች ዜግነት ሰጥቷል፤ ፈርሰው የነበሩትን ካርቴጅንና ቆሮንቶስን እንደገና ለማቋቋም ወስኗል፡፡ የተበላሸውን የሮማ የቀን መቁጠሪያ ለማስተካከልም 46ን የ445 ቀናት ዓመት አድርጎ፣ ከዚያ በኋላ በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን የሚጨመርበትን ሥርዓት ዘርግቷል፡፡ ይህ ስሌት የግብፅ ሊቃውንት ዕውቀት ነው፤ እኛም በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት የምናደርገው በዚሁ በግብፆች ስሌት ነው፡፡

የወጉትን ብዙዎቹንም ይቅር ብሏል፤ ብሩተስና ካሲየስ ከእነዚህ መካከል ነበሩ፡፡ ነገር ግን ምህረት የሚያደርገው የበላይ ነው፡፡ በሕግ ፊት እኩያህ የነበረ ሰው ነፍስህን መልሶ ሲሰጥህ፣ ስጦታው ራሱ አንተ ከሱ በታች መሆንህን ይነግርሃል፡፡ በቄሣር ምህረት የተረፉት ባላባቶች ይህን ውርደት የዘነጉት አይመስለኝም፡፡

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፡፡ ዲክታተርነት በሮማ ሕጋዊ ሥልጣን ነበር፡፡ አገር ሲጨንቃት ለአንድ ሰው ይሰጣል፤ ከስድስት ወር ግን አያልፍም፡፡ ቄሣር በ49 ለ11 ቀናት ያዘው፤ በ48 እንደገና ተሾመበት፤ በ46 ለአሥር ዓመት ተሰጠው፤ በ44 መጀመሪያ ላይ የዕድሜ ልክ ሆነ፡፡ የሹመቱ ስም አልተለወጠም፡፡ የጊዜ ገደቡ ሲነሳ ግን ሹመቱ ንግሥና ሆነ፡፡ ሌሎቹም ሹመቶች መቀለጃ ሆኑ፤ በ45 የመጨረሻ ቀን አንድ ቆንሲል ስለሞተ በምትኩ ሌላ ሰው ለግማሽ ቀን ብቻ ተሾመ፡፡ የዚያን ዘመን ሰዎች በዚህ ሲስቁ፣ አንዳንዶቹ ከሳቁ በስተጀርባ አዝነዋል፡፡

ከሁሉ የከፋው ግን በ44 መባቻ የተፈጸመው ነው፡፡ የቄሣር ሐውልት ላይ ዘውድ ተደርጎ ተገኘ፡፡ ማሩለስና ፍላቩስ የተባሉ ሁለት ትሪቢዩኖች ዘውዱን አስወገዱ፤ ቄሣርን ንጉሥ ብለው የጮኹትንም ማሳሰር ጀመሩ፡፡ ቄሣር ሁለቱንም ከሹመታቸው አስነሳቸው፡፡ ለትሪቢዩኖች መብት ተሟግቼ ወንዝ ተሻገርኩ ያለው ሰው፣ አምስት ዓመት ቆይቶ ትሪቢዩኖችን በራሱ እጅ ሻረ፡፡ በእኔ እምነት ቄሣር የወደቀው ያን ዕለት ነው፡፡ በየካቲት ማርክ አንቶኒ በሕዝብ ፊት ዘውድ ቢያቀርብለትና እሱም ቢመልሰው፣ ያን ጊዜ የሚያምነው ጥቂት ነበር፡፡

ከ60 በላይ ሰዎች አደሙ፡፡ መጋቢት 15 ቀን 44፣ ሴኔቱ ሊሰበሰብ ፖምፔ ባሠራው አዳራሽ በተገኘበት ከበው ወጉት፡፡ በአስከሬኑ ላይ 23 ቁስል ተቆጠረ፤ መርማሪው ሐኪም ለሞት የሚያበቃው አንዱ ብቻ እንደሆነ ገለጸ፡፡ ገዳዮቹ ነፃነት ተመለሰ እያሉ ወጡ እንጂ ለማግስቱ ያዘጋጁት ነገር አልነበረም፡፡

ከሁለት ቀን በኋላ የተደረገው የሴኔት ስብሰባ ለሕግ ሰው ትልቅ ትምህርት ነው፡፡ ቄሣር አምባገነን ነበር ከተባለ ገዳዮቹ ይመሰገናሉ፤ ግን የሰጠው ሹመትና ያወጣው ትእዛዝ ሁሉ ፈራሽ ይሆናል፡፡ ሕጋዊ ገዢ ነበር ከተባለ ሹመቱ ይጸናል፤ ገዳዮቹ ግን በነፍስ ግድያ ይጠየቃሉ፡፡ ከተሰበሰቡት መካከል ብዙዎቹ፣ ብሩተስና ካሲየስን ጨምሮ ገዳዮቹ ራሳቸው፣ በቄሣር ዘመን የተሾሙ ነበሩ፡፡ ሁለት ወዶ አይሆንም ቢባልም ሴኔቱ ሁለቱንም ወደደ፤ ለገዳዮቹ ምህረት አደረገ፣ የቄሣርንም ውሳኔዎች አጸደቀ፡፡ ጥያቄው ሳይመለስ ታለፈ፡፡ ያልተመለሰውን ጥያቄ ጎዳናው ወሰደው፡፡ በኑዛዜው ለእያንዳንዱ የሮማ ዜጋ 300 ሰስተርስ፣ የአንድ ወታደር የዓመት ደመወዝ ሲሶ ያህል፣ መተዉ ሲሰማ ሕዝቡ በቁጣ ገነፈለ፤ ስሙ ከአንዱ አድመኛ ስም ጋር የተመሳሰለ ሲና የሚባል ሰው በስህተት ተገደለ፡፡ በዓመቱ መጨረሻ አካባቢ ሳይሆን በ43 ደግሞ የሱላ ዘመን የስም ዝርዝር ተመልሶ መጣ፤ ቄሣር ይቅር ያለው ታላቁ ተናጋሪ ሲሴሮም በዚያ አለቀ፡፡ ብሩተስና ካሲየስ በ42 ፊሊጵስዩስ ላይ ድል ሆነው ራሳቸውን ገደሉ፡፡ የቄሣር የጉዲፈቻ ልጅ ኦክታቪያን በ27 አውግስጦስ ተብሎ ብቻውን ገዛ፡፡ ቄሣር የሚለው የሰው ስምም እኛ ዘንድ ሳይቀር የንጉሠ ነገሥት መጠሪያ ሆኖ ቀረ፡፡

አሁን ወደ መድረኩ እንሂድ፡፡ ሼክስፒር ቴአትሩን ለንደን ላይ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1599 ሲሆን፣ ታሪኩን የወሰደው እ.ኤ.አ. በ1579 ወደ እንግሊዝኛ ከተተረጎመው ከፕሉታርክ መጽሐፍ ነው፡፡ ለመድረክ እንዲመቸው የወራትን ጉዳይ ወደ ቀናት አጥፏል፤ ግድያውንም ካፒቶል ውስጥ አድርጎታል፡፡ ቄሣር ሲሞት ለብሩተስ ተናገራት የምትባለው ዝነኛ የላቲን ቃልም ከጥንት ታሪክ ጸሐፊዎች የተገኘች አይደለችም፡፡ ስዌቶኒየስ ቄሣር አንድ ጊዜ ከማቃሰት በቀር ሳይናገር መሞቱን ጽፎ፣ በግሪክኛ ለብሩተስ ተናገረ የሚሉም እንዳሉ ይጨምራል፡፡

እኔን የሚደንቀኝ ግን ሼክስፒር የተወው ነው፡፡ የሁለቱ ትሪቢዩኖች መሻር በቴአትሩ ውስጥ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ይነገራል፤ ብዙ ተመልካች ሳይሰማት ታልፋለች፡፡ የሴኔቱ ስብሰባ ደግሞ ጭራሽ የለም፤ ከግድያው በቀጥታ ወደ ቀብሩ ንግግር እንገባለን፡፡ ብሩተስ በምክንያት ይናገራል፣ አንቶኒ በእንባና በኑዛዜ፤ አደባባዩም ለአንቶኒ ያደላል፡፡ ሼክስፒርን ለመውቀስ አይደለም፤ ሕግ የሌለበት አደባባይ ምን እንደሚመስል ከሱ የተሻለ ያሳየ የለም፡፡ ማዕከላዊው ሰው በቴአትሩ አጋማሽ ሞቶ ቀሪው ግማሽ ያለ እሱ የሚሄደውም፣ ሰውየው ቢወድቅም ያመጣው ነገር እንዳልወደቀ ለማሳየት ይመስለኛል፡፡

ቴአትሩን እያንዳንዱ ዘመን ለራሱ አንብቦታል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1937 ኦርሰን ዌልስ ኒውዮርክ ላይ ተዋንያኑን የፋሺስት መለዮ አልብሶ አሳየው፡፡ ጁሊየስ ኔሬሬ እ.ኤ.አ. በ1963 ወደ ስዋሂሊ ተርጉሞ አሳተመው፡፡ በሮቢን ደሴት እስር ቤት እስረኞች ይቀባበሉት ከነበረው የሼክስፒር መድበል ውስጥ ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1977 ፊርማውን ያኖረው ከዚህ ቴአትር አንድ ንግግር ጎን ነው፤ ንግግሩም ስለ ሞትና ስለ ፈሪነት የቄሣር የራሱ ነው፡፡ መሪውም እስረኛውም ያነባታል፤ አንዱም ሌላውን አይመስልም፡፡

ከዚህ ሁሉ እኔ የምይዘው ይህን ነው፡፡ ቄሣር ሕጉን ሲሽር ዝም ያሉት ሰዎች፣ ቄሣርን ሊያነሱ ሲፈልጉ በእጃቸው የቀረ ሕግ አላገኙም፤ ስለዚህ ጩቤ አነሱ፡፡ ጩቤውም ሕጉን አልመለሰውም፡፡ ያን ጥር ሁለቱ ትሪቢዩኖች ሲሻሩ ከ60ዎቹ አድመኞች ግማሾቹ እንኳ በሴኔት ተነስተው ቢቃወሙ ኖሮ፣ በመጋቢት ደም ላያስፈልግ ይችል ነበር፡፡ ሁለቱ ግን ብቻቸውን ቀሩ፤ ስማቸውንም ዛሬ የሚያስታውስ ጥቂት ነው፡፡