ቅዱስ አትናቴዎስ፤ ስለ አንድ ቃል የተሰደደ መምህር

እግዚአብሔር በባሕርይ አንድ፣ በአካል ሦስት መሆኑን በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር የሚያድግ ሕፃን ሁሉ ገና ፊደል ቈጥሮ ሳይጨርስ ይሰማዋል። ነገር ግን ለሕፃን በጥቂት ቃል የሚነገረው ይህ ምሥጢር ብዙ ክርክርና ስደት የተከፈለበት ነው። ይህንም ማስታወስ ለእኛ ለመምህራን የሚገባ ስለ ሆነ፣ የእስክንድርያውን ሊቀ ጳጳሳት የቅዱስ አትናቴዎስን ሕይወት በአጭሩ እንመልከት። ዘመኑን የምንቈጥረው በአውሮጳ አቈጣጠር ነው።

አትናቴዎስ በ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ተወለደ፤ በወጣትነቱም ለሊቀ ጳጳሱ ለእለእስክንድሮስ ዲያቆንና ጸሐፊ ሆኖ አገለገለ። በዚያው በእስክንድርያ ከተማ አርዮስ የሚባል አንደበተ ርቱዕ ቄስ ነበረ። እርሱም ወልድ በአብ ፈቃድ የተፈጠረ እንጂ ከአብ ጋር ከዘለዓለም የነበረ እንዳልሆነ ያስተምር ጀመር። ትምህርቱን በግጥምና በዜማ ስላዘጋጀው በቶሎ በሕዝቡ አፍ ገባ። በዜማ የተማሩት ነገር፣ እውነትም ቢሆን ስሕተት፣ ከልብ በቀላሉ እንደማይወጣ አስተማሪ ሁሉ ያውቃል።

ንጉሠ ነገሥቱ ቆስጠንጢኖስ በ325 ዓመት በኒቅያ ጉባኤ ሰበሰበ። በትውፊታችን ቍጥራቸው 318 የሆነው አባቶች፣ ወልድ ያልተፈጠረና በባሕርዩ ከአብ ጋር አንድ መሆኑን ወሰኑ። አትናቴዎስም በዲያቆንነቱ ከሊቀ ጳጳሱ ጋር በዚያ ተገኝቶ ነበር። የኋላ መጻሕፍቱ እንደሚያስረዱት፣ ለእርሱ ነገሩ የቃላት ጨዋታ አልነበረም። ወልድ ፍጡር ከሆነ ሰውን ከሞት አውጥቶ ከእግዚአብሔር ጋር ሊያስታርቅ አይችልም፤ ፍጡር ፍጡርን አያድንምና። ለወልድ የሚሰግድ ክርስቲያንም ሳያውቅ ለፍጡር የሚሰግድ ይሆናል። እንግዲህ በዚያ አንድ ቃል ላይ የተንጠለጠለው የሰው ልጅ ድኅነት ነበረ ማለት ነው።

በ328 እለእስክንድሮስ ሲያርፍ አትናቴዎስ በመንበሩ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ መከራው አላቋረጠም። በ335 በጢሮስ በተሰበሰበው ጉባኤ ላይ፣ አርሳንዮስ የሚባል ጳጳስ አስገድለሃል የሚለው ክስ ሳይቀር ቀረበበት፤ ተገደለ የተባለው ሰው ግን በሕይወት ተገኘ። ወዲያውም ከእስክንድርያ ወደ ቍስጥንጥንያ የሚጫነውን እህል ሊያግድ ዝቷል ተብሎ በንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ተከሰሰና ወደ ትሪየር ተጋዘ። ሁለተኛውን ስደት በሮም አሳለፈ። በ356 ወታደሮች ሌሊት የሚጸልይበትን ቤተ ክርስቲያን ከበቡት፤ እርሱ ግን አምልጦ ወደ ግብፅ በረሓ ገባ፤ መነኰሳትም ሸሸጉት። በዮልያኖስና በዋሌንስም ዘመን እንደ ገና ተሰደደ። እንዲህ በ45 የሹመት ዓመታት ውስጥ አምስት ጊዜ ተሰዶ 17 ዓመት ያህል ከመንበሩ ርቆ ኖረ።

የእርሱ ታሪክ ከአገራችንም ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው። ፍሬምናጦስ ለአክሱም ጳጳስ እንዲሰጠው ለመለመን ወደ እስክንድርያ በወረደ ጊዜ፣ አትናቴዎስ ከእርሱ የተሻለ ሰው እንደሌለ አይቶ ራሱን ለማኙን ሾሞ ላከው፤ እርሱም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው ነው። በኋላም በ356 ገደማ የአርዮስን ወገን ይደግፍ የነበረው ንጉሠ ነገሥት ቆንስታንቲዮስ፣ ፍሬምናጦስ ተመልሶ በአዲሱ የእስክንድርያ ሹም እንዲመረመር ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። ኢትዮጵያ ግን በአትናቴዎስ ሃይማኖት ጸንታ ኖረች።

አትናቴዎስ በተቃዋሚዎቹ ላይ ብዕሩ የመረረ ሰው ነበር፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። ነገር ግን በ362 ከስደት ተመልሶ በእስክንድርያ ጉባኤ ባደረገ ጊዜ ሌላ ጠባዩ ታየ። ከምእመናን እኵሌቶቹ ሦስት ሂፖስታሲስ፣ እኵሌቶቹ አንድ ሂፖስታሲስ እያሉ ይለያዩ ነበር። ጉባኤው ሁለቱንም ወገን ምን ማለታችሁ ነው ብሎ ጠየቀ። ያን ጊዜ ፊተኞቹ ቃሉን ለአካል፣ ኋለኞቹ ለባሕርይ እንደሚናገሩት፣ ሃይማኖታቸውም አንድ እንደ ሆነ ተገለጠ። ስለ አንድ ቃል የተሰደደው ሰው በቃል ብቻ የተለያዩትን ወንድሞች አስታረቀ።

በ367 ለትንሣኤ በዓል በላከው መልእክቱ የሐዲስ ኪዳንን 27 መጻሕፍት ዘረዘረ፤ በ373 ዓመትም በመንበሩ ሳለ ዐረፈ። ትምህርቱ በ381 በቍስጥንጥንያ ጉባኤ ሲጸና ለማየት አልደረሰም። ቤተ ክርስቲያናችን ግን ግንቦት 7 ቀን ታስበዋለች፤ በስሙ የሚጠራውንም ቅዳሴ ትቀድሳለች።

እንግዲህ የሙያ ባልደረቦቼ ሆይ፣ ከዚህ አባት ሁለት ነገር እንማር። አንደኛው፣ እውነት የሆነውን ቃል ሹመትና ምቾት ቢያሳጣም አለመልቀቅ ነው። ሁለተኛው፣ ተማሪው የተናገረው ቃል ከእኛ ቃል ቢለይ፣ ተሳስተሃል ከማለታችን በፊት አሳቡን ጠይቀን መረዳት ነው። የመጀመሪያው ድፍረትን፣ ሁለተኛው ትዕግሥትን ይጠይቃል፤ መምህር የሚባለውም ሁለቱን አስተባብሮ የያዘ ነው።