አን ዋንግ፦ ለኮምፒውተር ትውስታ መላ ያበጁት ቻይናዊ

እአአ በ1940ዎቹ ማብቂያ፣ አንድ ሰፊ ክፍል የሚሞላ ኮምፒውተር እንኳ ቁጥሮችን በፍጥነትና በአስተማማኝ መንገድ መዝግቦ ማቆየት ይቸግረው ነበር። ለዚህ ችግር መላ ካበጁት አንዱ ዶክተር አን ዋንግ ናቸው።

ዋንግ በ1920 ሻንጋይ ውስጥ ተወለዱ። በዚያው ከተማ በጂያኦ ቶንግ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተምረው በ1940 ተመረቁ። አገራቸው በጃፓን ወረራ ስትታመስ ወላጆቻቸውን አጡ። በ1945 ወደ አሜሪካ ተሻግረው፣ በ1948 ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ።

በዚያው ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ቤተ ሙከራ ተቀጥረው የተሰጣቸው ሥራ መረጃን በማግኔት የማቆየት ጉዳይ ነበር። ትንሽ የማግኔት ቀለበት በአንድ አቅጣጫ ሲማገነጥ አንድን፣ በተቃራኒው ሲሆን ዜሮን ይወክላል፤ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም የያዘውን አይለቅም። እንቅፋቱ ግን ሲነበብ መጥፋቱ ነው። ዋንግ ችግሩን ገልብጠው አዩት። የተነበበው ወዲያው ተመልሶ ከተጻፈ መጥፋቱ ጉዳት የለውም። በ1949 የፈጠራ ባለቤትነት መብት ጠየቁ።

የኤምአይቲው ጄይ ፎሬስተር በበኩላቸው ቀለበቶቹን እንደ መረብ በረድፍና በዓምድ አደራጁ። በ1953 ይኸው ማህደረ ትውስታ ዊርልዊንድ በተባለው ኮምፒውተር ላይ ሥራ ጀመረ። ቀጫጭን ሽቦዎችን በቀለበቶቹ ውስጥ እንደ ጨሌ የሚሰኩት በአብዛኛው ሴት ሠራተኞች ነበሩ።

ዋንግ በ1951 በ600 ዶላር ቦስተን ውስጥ የራሳቸውን ድርጅት ከፈቱ። መብቱ በ1955 ጸደቀላቸው፤ በዓመቱ ለአይቢኤም በግማሽ ሚሊዮን ዶላር ለመሸጥ ተስማሙ። ሌላ የፈጠራ ባለሙያ ባነሳው የይገባኛል ጥያቄ ሳቢያ ግን የደረሳቸው 400 ሺህ ዶላር ነው። አይቢኤም በቀለበቶቹ ለዓመታት ገበያውን ሲመራ፣ ዋንግ ወደ ሒሳብ ማሽንና ወደ ጽሑፍ ማቀናበሪያ ዞረው ከስመ ጥር ባለሀብቶች ተርታ ተሰለፉ።

ከ1970 ወዲህ የሲሊከን ቺፕ ቀለበቶቹን ተካቸው። የግል ኮምፒውተር ሲስፋፋ ደግሞ የዋንግ ድርጅት ተራ ደረሰ። በ1986 የፕሬዝዳንትነቱን ሥልጣን የያዙት ልጃቸው ኪሳራው ሲበረታ፣ በ1989 በአባታቸው ውሳኔ ከኃላፊነት ተነሱ። ዶክተር ዋንግ በመጋቢት 1990 በካንሰር አረፉ፤ ድርጅታቸውም ከሁለት ዓመት በኋላ ለኪሳራ ጥበቃ ፍርድ ቤት ቀረበ። አንብቦ መልሶ የመጻፍ ዘዴያቸው ግን በዛሬዎቹ ኮምፒውተሮች ማህደረ ትውስታ ውስጥም ይሠራበታል።