የድሆችን ሰፈር ያየውና ያሳየው ጋዜጠኛ፦ ጃኮብ ሪስ (1849 – 1914)

በየቁምስናችን ድሆችን በቤታቸው የምንጎበኝ ምእመናንና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ወደ አንድ ደሳሳ ቤት ስንገባ አስቀድመን የምናየው ምንድን ነው? የሚያፈሰውን ጣሪያ ነው ወይስ ከሥሩ የተቀመጠውን ሰው? ይህን ጥያቄ ይዘን በዚህ እትማችን የአንድ ጋዜጠኛን ሕይወት ልናወሳ ወደድን። ሰውየው ካቶሊክ አልነበረም፤ እንደ ቅዱሳንም አይቈጠርም፤ ነገር ግን በአንድ ታላቅ ከተማ ውስጥ ሀብታሙ የማያውቀውን የድሀውን ኑሮ በብዕርና በፎቶግራፍ ገልጦ ያሳየ ሰው ስለ ሆነ ታሪኩ ለእኛም የሚነግረን አለ። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጃኮብ ሪስ በ1849 ዓ.ም. ሪቤ በተባለች ጥንታዊት የዴንማርክ ከተማ ተወለደ። አባቱ መምህር ነበር፤ ልጁም እንደ እርሱ የቀለም ሰው እንዲሆን ይመኝ ነበር። ልጁ ግን አናጢነትን መረጠ። በወጣትነቱ ኤልሳቤጥ የተባለች የባለጠጋ ቤት ልጅ ወደደ፤ እርሷ ግን እንደማታገባው ነገረችው። ልቡ የተሰበረው ወጣት በ1870 ዓ.ም. በ21 ዓመቱ ወደ አሜሪካ ተሰደደ።

ስደቱ እንዳሰበው አልሆነለትም። ሥራ ሲያገኝ በአናጢነት፣ በከሰል ማዕድንና በጡብ ሥራ እየዋለ፣ ሲያጣ ደግሞ በኒው ዮርክ ጎዳናዎች እየተራበ ተንከራተተ። በዚያን ዘመን ማደሪያ የሌላቸው ሰዎች በየፖሊስ ጣቢያው ባሉ ቆሻሻ ክፍሎች በባዶ ሳንቃ ላይ ተደራርበው ያድሩ ነበር። ሪስም አንድ ዝናባማ ሌሊት ከመንገድ የተከተለችውን ትንሽ ውሻ ደጅ ትቶ ከእነዚህ ክፍሎች ወደ አንዱ ገባ። ሲነቃ የኤልሳቤጥን ጸጉር የያዘችው የአንገቱ ወርቅ ተሰርቃለች። ለጣቢያው ኃላፊ አቤት ቢል፣ እንዲህ ያለ ጎዳና አዳሪ ወርቅ ከየት ያመጣል ተብሎ ራሱ እንደ ሌባ ተቈጥሮ ተባረረ። ደጅ ትጠብቀው የነበረችው ውሻ ጌታዋ ሲገፋ አይታ ፖሊሱን ብትነክሰው፣ ፖሊሱ እግሯን ይዞ ከደረጃው ጋር አጋጭቶ ገደላት። ሪስ ይህችን ሌሊት እስከ ሞቱ ድረስ አልረሳትም። በኋላ የጻፈው ሁሉ ከዚያች ደረጃ የጀመረ ይመስለናል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በጋዜጣ ሥራ ተቀጠረ፤ እጮኛዋ የሞተባትን ኤልሳቤጥንም በ1876 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ አገባት። በ1877 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ትሪቢዩን ጋዜጣ የፖሊስ ዜና ዘጋቢ ሆነ። ቢሮው በመልበሪ መንገድ ከፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ነበር፤ ሥራው የሌሊት ስለ ነበር ጎህ ሲቀድ ወደ ቤቱ የሚመለሰው በከተማይቱ ከሁሉ በከፉት መንደሮች መካከል በእግሩ እያቋረጠ ነው።

ያየው ነገር ይህ ነው። ከአውሮፓ በገፍ የሚመጡት ስደተኞች ጠባብና ረጃጅም በሆኑ የኪራይ ፎቆች ታጭቀው ይኖራሉ። መካከለኞቹ ክፍሎች መስኮት የላቸውም፤ ፀሐይም ነፋስም አይገባባቸውም። ሕፃናት በዚያው ይወለዳሉ፤ በዚያው በሳንባ ነቀርሳና በተቅማጥ ይሞታሉ። በባያርድ መንገድ፣ በየአቅጣጫው አራት ሜትር በማይሞላ ክፍል ውስጥ ለአንድ ሌሊት አምስት ሳንቲም እየከፈሉ 12 ወንዶችና ሴቶች ተኝተው አግኝቷል። ይህን ሁሉ ቢጽፍም የሚያምነው ጥቂት ነበር።

በ1887 ዓ.ም. ግን በጀርመን አገር በጨለማ ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚያስችል የማግኒዚየም ፍላሽ መፈልሰፉን በጋዜጣ አነበበ፤ ወዲያውም ከወዳጆቹ ጋር ሌሊት ሌሊት እየዞረ ያነሣ ጀመር። መሣሪያው አደገኛ ነበር። አንድ ጊዜ ዓይነ ስውራን ለማኞች በሚኖሩበት ጣሪያ ሥር ባለ ክፍል ውስጥ ሲያነሣ በግድግዳው ላይ የተንጠለጠለው ወረቀትና ጨርቅ በእሳት ተያያዘ። ከእርሱ በቀር የሚያይ ሰው አልነበረም፤ ሳይነግራቸው ብቻውን ታግሎ አጠፋው። ከ1888 ዓ.ም. ጀምሮ ምስሎቹን በፋኖስ ብርሃን በሸራ ላይ እያሳየ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ንግግር ያደርግ ነበር፤ በ1890 ዓ.ም. ደግሞ ሌላው ግማሽ እንዴት እንደሚኖር የሚተርከውን ስመ ጥር መጽሐፉን አሳተመ።

መጽሐፉ የሚከራከረው በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ድሀው በስንፍናው ብቻ አልጎሰቈለም፤ ክፉ ቤት ክፉ ኑሮን ይወልዳል፤ ከዚያ ቤት ኪራይ የሚሰበስበው ባለንብረትም በኃላፊነት ይጠየቃል። ካቶሊካውያን ደናግል በ1869 ዓ.ም. ያቋቋሙትን የተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያም በመጽሐፉ አንሥቶታል። እናቶች ሕፃናቸውን የሚተዉበት አልጋ በበሩ ላይ ይቀመጥ ነበር። መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ፣ በግንቦት 1891 ዓ.ም.፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ ስለ ሠራተኞች ሁኔታ ሬሩም ኖቫሩም የተባለውን ሐዋርያዊ መልእክታቸውን አወጡ። አንዱ ከሌላው ወሰደ አንልም፤ የሁለቱም ጽሑፍ መነሻ ግን ያው የዘመኑ ጩኸት ነበር።

ስለ ሪስ ስንጽፍ ጉድለቱን መሸፈን አይገባንም። ለድሆች የተከራከረው ይኸው ሰው ስለ ጣሊያኖች፣ ስለ አይሁድ፣ ይልቁንም ስለ ቻይናውያን ሲጽፍ ሕዝብን በጅምላ የሚነቅፍ፣ አንዳንዴም የሚያዋርድ ቃል ተጠቅሟል። ሌሊት በሩን ከፍቶ በድንገተኛ ብርሃን የቀሰቀሳቸውም ሰዎች ፈቃዳቸውን አልተጠየቁም፤ የብዙዎቹም ስም አልተመዘገበም። እንግዲህ ጣሪያውን አጥርቶ ያየ ዓይን ከሥሩ ያለውን ሰው ሁልጊዜ አላየም። እኛስ ለእርዳታ ሪፖርት ብለን የድሀ ልጅ ፎቶግራፍ ስናነሣ ስሙን እንጠይቃለን?

ሆኖም የሥራው ፍሬ ብዙ ነው። በ1891 ዓ.ም. ለከተማይቱ የመጠጥ ውኃ በሚያቀርቡት ወንዞች ውስጥ ቆሻሻ ሲገባ በፎቶግራፍ አስደግፎ በማጋለጡ ከተማይቱ በወንዞቹ ዳር ያለውን መሬት ገዝታ ለማስጠበቅ ተገደደች። ቴዎዶር ሩዝቬልት መጽሐፉን አንብቦ ሊረዳው ቢሮው ድረስ መጣ፤ በ1895 ዓ.ም. የፖሊስ ኮሚሽነሮች ሰብሳቢ ከሆነ በኋላም ሁለቱ ሌሊት አብረው ይዞሩ ነበር። ሪስ ውሻው ወደ ተገደለችበት ጣቢያ ወስዶ ታሪኩን ነገረው፤ በ1896 ዓ.ም. ሩዝቬልት የፖሊስ ጣቢያ ማደሪያዎችን ሁሉ ዘጋ። መልበሪ ቤንድ የተባለው እጅግ የከፋው መንደርም ፈርሶ በ1897 ዓ.ም. የሕዝብ መናፈሻ ሆነ። በምረቃው ዕለት ሪስ አልተጋበዘም፤ ከሕዝቡ መካከል ቆሞ ተመለከተ። ከፈረሱት ቤቶች የወጡት ነዋሪዎች ግን ሌላ ኪራይ ፍለጋ መሄዳቸውን አንዘነጋም፤ ቤት ማፍረስ ቤት ከመስጠት ይቀላልና። በ1901 ዓ.ም. የወጣው ሕግ በአዲስ ኪራይ ቤቶች እያንዳንዱ ክፍል መስኮት እንዲኖረው አዘዘ።

ሪስ በግንቦት 1914 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ ባለው እርሻው ዐረፈ፤ መቃብሩ ላይ ስም ያልተጻፈበት ድንጋይ ተቀመጠ። እርሱ ራሱን የሚቈጥረው እንደ ጸሐፊ እንጂ እንደ ፎቶግራፍ አንሺ ስላልነበረ የመስታወት ኔጋቲቮቹ ለብዙ ዓመታት በቤቱ ጣሪያ ሥር ተረስተው ቆዩ። በ1940ዎቹ ዓመታት ተገኝተው ለኒው ዮርክ ከተማ ሙዚየም ተሰጡ፤ በ1947 ዓ.ም. ለሕዝብ ሲቀርቡ ያ ሁሉ ስሙ ያልተመዘገበ ፊት እንደገና ታየ።