ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል፤ በሰንሰለት የተፈጸመ ሕይወት

የእስራት ዘመኑን ፈጽሞ ወደ መንደሩ ስለሚመለስ ሰው በሆሳዕናና በዱራሜ፣ በሾኔና በሺንሺቾ የሚነሣው ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ይህን ሰው እንደ ቀድሞው በመካከላችን እናስቀምጠው ወይስ በሩቁ እንየው? የተወደዳችሁ አንባብያን፣ በዚህ እትማችን ይህን ጥያቄ ይዘን የአንድ ኢትዮጵያዊ እስረኛን ሕይወት ልናስታውሳችሁ ወደድን። እርሳቸውም ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው። በታሪካቸው የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 በጎጃም፣ በመርጡለ ማርያም አቅራቢያ፣ ዲቦ በተባለው ቀበሌ ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸው ጠፋ፤ ይሁን እንጂ ትምህርት ወዳድ ስለ ነበሩ በመርጡለ ማርያም ገዳም ገብተው መነኮሱ። የምንኩስና ሥርዓት ከጥንቱ ለምን እንደ ላላ ለማወቅ ብርቱ ፍላጎት ነበራቸውና ከገዳም ወደ ገዳም እየተዘዋወሩ መጻሕፍትን መረመሩ፤ ወደ ጎንደርም ወርደው ከታወቁት ሊቃውንት ተርታ ተቆጠሩ። ዘመኑ ሊቃውንቱ በሃይማኖት ክርክር የተከፋፈሉበት፣ መሳፍንቱም እርስ በርሳቸው የሚዋጉበት ዘመን ነበር።

በ1841 ደጃዝማች ውቤ አዲስ ጳጳስ ለማስመጣት መልእክተኞችን ወደ ግብፅ ሲልኩ አባ ገብረ ሚካኤል ከመልእክተኞቹ አንዱ ሆኑ። የጉዞው አጃቢ ከጣልያን ሀገር የመጡት የቪንሰንሳውያን ማኅበር መነኩሴ፣ በኋላ አቡነ ያዕቆብ የተባሉት ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ነበሩ። መልእክተኞቹ በግብፅ ጉዳያቸውን ከፈጸሙ በኋላ ከፊሎቹ እስከ ሮማ ተጉዘው ከርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ጋር ተገናኙ። አባ ገብረ ሚካኤል የአቡነ ያዕቆብን ትሕትና በረጅሙ መንገድ ሁሉ ሲመለከቱ ቆዩ። ከብዙ ምርምርና ጸሎት በኋላም በ1844 በዓድዋ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አባል ሆኑ።

ከዚያ ወዲህ ሥራቸው ማስተማርና መጻፍ ሆነ። ከአቡነ ያዕቆብ ጋር ሆነው የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ አዘጋጁ፤ ለክህነት የሚሰናዱትን ወጣቶችም አስተማሩ። በ1851 መባቻ፣ ዕድሜያቸው ወደ 60 ሲቃረብ፣ ከአቡነ ያዕቆብ እጅ ማዕርገ ክህነት ተቀበሉ።

በ1854 ክረምት፣ ደጃዝማች ካሣ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ የተከፋፈለችውን ሀገር በአንድ ዙፋንና በአንድ ሃይማኖት ለማዋሐድ በተነሡበት ወቅት፣ አቡነ ያዕቆብም አባ ገብረ ሚካኤልም ከጓደኞቻቸው ጋር በጎንደር ተያዙ። ይህን የምንጽፈው የቆየ ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም። በዚያ ዘመን ሃይማኖት የመንግሥት ጉዳይ ነበር፤ የተለየ ሃይማኖት መያዝም እንደ ዐመፅ ይቆጠር ነበር።

የዚያን ጊዜ እስራት ምን እንደ ነበር ዛሬ ለመገመት ያዳግታል። ወህኒ የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ነገሥታቱ ልዑላንን ያጋዙበት ከነበረው ከወህኒ አምባ ነው። ተራው እስረኛ እግሩ በግንድ ይጠረቃል፤ ወይም በእግረ ሙቅ ይታሰራል፤ አንዳንዱም ከጠባቂው ወይም ከከሳሹ ጋር በአንድ ሰንሰለት ተያይዞ ቁራኛ ይሆናል። ቀለብ የሚቈርጥለት መንግሥት አልነበረም፤ ዘመድ ስንቅ ካላመጣለት የሚበላው ምጽዋት ነው። አባ ገብረ ሚካኤል እምነታቸውን እንዲክዱ እየተጠየቁ በዚህ ዓይነት እስራት ወራት ቆዩ፤ ብዙ ጊዜም ክፉኛ ተገረፉ። ዐፄ ቴዎድሮስ በየካቲት ወር 1855 ነግሠው ወደ ወሎ ሲዘምቱ ሽማግሌው መነኩሴ በሰንሰለት እንደ ታሰሩ ሠራዊቱን እየተከተሉ እንዲሄዱ ተደረገ።

በግንቦት ወር 1855 መጨረሻ በሠራዊቱ ሰፈር፣ በአደባባይ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ለፍርድ ቀረቡ። በቃላቸው ስለ ጸኑም ሞት ተፈረደባቸው። በሥፍራው የነበሩት የእንግሊዝ ቆንስላ ዋልተር ፕላውደንና ሌሎች ግን ስለ ሽማግሌው ምሕረት ለመኑ። ንጉሡም ልመናውን ሰምተው የሞቱን ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጡት። የሃይማኖት ባልንጀራቸው ያልሆነ እንግዳ ሰው ቆሞ ስለ ለመነላቸው የአንድ ሰው ነፍስ ከሰይፍ ዳነች፤ ይህን አንባብያን ልብ እንዲሉልን እንሻለን።

ሰንሰለቱ ግን አልተፈታም። በዚያው ክረምት በሠራዊቱ ላይ የኮሌራ በሽታ ወረደ። አባ ገብረ ሚካኤል ከሚደርሳቸው ጥቂት ምግብ ለሌሎች ያካፍሉ፣ የታመሙትንም ያጽናኑ እንደ ነበር ታሪካቸውን የጻፉት ይተርካሉ፤ በዚህም የጠባቂዎቻቸውን ፍቅር አገኙ። በመጨረሻ በድካምና በሕመም በመንገድ ላይ ዐረፉ። እንደሚተረከውም ወታደሮቹ እያዘኑ ሰንሰለቱን ከእግራቸው የፈቱት ከሞቱ በኋላ ነበር። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በ1926 ብፅዕናቸውን አወጁ።

አብረዋቸው የተያዙት አቡነ ያዕቆብ ዕጣቸው ሌላ ሆነ። ከብዙ ወራት እስራት በኋላ ከሀገር እንዲወጡ ተፈርዶባቸው ወደ ሱዳን ወሰን ተወሰዱ፤ ከብዙ እንግልት በኋላም ወደ ቀይ ባሕር ጠረፍ ደረሱ። እስራት ያዳከመውን ሰውነታቸውን ይዘው እስከ ዕረፍታቸው እስከ 1860 ድረስ ካህናትን ማስተማር አላቋረጡም። ይህም የሆነው በእነዚያ በደጋው ያሉ ጥቂት ምእመናን ከወህኒ የወጣውን ሰው እንደ አባት ስለ ተቀበሉት ነው። ዛሬ በአካባቢያችን ወንጌልን የምንሰማ ሁሉ የዚያ አቀባበል ተካፋዮች ነን። አቡነ ያዕቆብን በ1849 በምጽዋ ጳጳስ አድርገው የቀቡት የካፑቺኑ አባት ጉልየልሞ ማስያስ ነበሩ፤ በኋላም ወደ ከምባታና ሀዲያ የመጡት የዚሁ የካፑቺን ማኅበር አባቶች ናቸው።

እርግጥ ነው፣ አባ ገብረ ሚካኤል የታሰሩት ስለ እምነታቸው ነው፤ ዛሬ በማረሚያ ቤት ያሉት ብዙዎቹ ግን ሰው በድለው ነው። ንጹሑንና በደለኛውን አንድ አድርገን አንቆጥርም፤ የተበደለውም እንባ ሊረሳ አይገባም። ነገር ግን ሰንሰለት የጻድቁንም የበደለኛውንም እግር እኩል ያቈስላል፤ ረኀቡም አንድ ነው። ሀገራችን ይህን ከተረዳች ወዲህ ብዙ ተለውጧል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ሰብዓዊ ክብሩ እንዲጠበቅ፣ ዘመዶቹ፣ ወዳጆቹ፣ የሃይማኖት አባቱ፣ ሐኪሙና ጠበቃው እንዲጎበኙት ይፈቅዳል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ጠባዩን ላሻሻለ እስረኛ ከቅጣቱ ከሦስት ሁለቱን እጅ ሲፈጽም፣ ለዕድሜ ልክ እስረኛም ከ20 ዓመት በኋላ፣ በአመክሮ የመፈታትን በር ከፍቷል። አባ ገብረ ሚካኤል ያላገኙት በር ይህ ነው።

ሕጉ የከፈተውን በር ግን መንደሩ ሊዘጋው ይችላል። ቅጣቱን የፈጸመ ወጣት ሥራ የሚሰጠው ሲያጣ፣ ዕድሩ ስሙን ከመዝገብ ሲፍቅ፣ ልጆቹ በትምህርት ቤት የእስረኛ ልጅ እየተባሉ ሲሰደቡ፣ እግሩ ቢፈታም እርሱ ገና ቁራኛ ነው። የሀገራችን ሽማግሌዎች ደም ሲያደርቁ ሁለቱን ወገኖች በአንድ ማዕድ የሚያስቀምጡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በደሉ ተነግሮ፣ ካሣው ተከፍሎ፣ ዕርቁ ከወረደ በኋላ ነገሩን እያነሡ መውቀስ በባህላችንም ነውር ነው። ጌታችንም በፍርድ ቀን ራሱን ከታሰረው ጋር እንደሚቆጥር አስተምሮናል።

ስለዚህ በየቁምስናችን ሦስት ነገሮችን እንድናስብ እንለምናለን፤ የታሰሩትን እንድንጠይቅ፣ ቤተሰባቸውን በመዋጮአችን እንዳንረሳ፣ ተፈትተው ለሚመለሱትም የሥራ መነሻና በዕድር ውስጥ ቦታ እንድንሰጥ። የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ጠባቂዎች ሰንሰለቱን የፈቱት ዘግይተው፣ እስረኛቸው ከሞተ በኋላ ነበር። ለእኛ ግን ጊዜው አለን፤ ወንድማችን በሕይወት ሳለ እንፍታው።

የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን።