አባ ሑሺ፦ የሳሎኒካን የወደብ ሠራተኞች ወደ ሐይፋ ያመጡት ከንቲባ

አባ የሚለውን ቃል ስንሰማ ሽማግሌ ወይም መነኩሴ ይታሰበን ይሆናል። ዛሬ የምናነሣቸው ሰው ግን አባ የተባሉት ገና በልጅነታቸው ነው፤ መጠሪያ ስማቸው ነውና። አባ ሑሺ ሐይፋን ለ18 ዓመታት በከንቲባነት የመሩ ሲሆን፣ ለእኛ የሚገርመን ግን ከዚያ በፊት የሠሩት ሥራ ነው።

በ1898 ጋሊስያ በምትባለውና ዛሬ በዩክሬን በምትገኘው ቱርካ ከተማ ተወለዱ። በ1920 ዓሊያ አድርገው መንገድ ሠሩ፣ ቤት አልፋ የተባለውን ኪቡጽ ከመሠረቱትም አንዱ ሆኑ። በ1927 ሐይፋ ገቡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሂስታድሩት ሥር የከተማው የሠራተኞች ምክር ቤት ጸሐፊ ሆኑ፤ እስከ 1951 ድረስም በዚሁ ቦታ ቆዩ።

በዚያን ጊዜ እንግሊዞች ትልቁን ወደብ ይሠሩ ነበር። ወደቡ በ1933 ተከፈተ። የወደብ ሥራ ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ከባድ ዕቃ እንዴት እንደሚነሣና መርከብ ውስጥ እንዴት እንደሚደረደር ማወቅ ይጠይቃል። ከአውሮፓ የመጡት ወጣቶች ይህን አያውቁም ነበር። አባ ሑሺ ግን የሚያውቁትን ሰዎች ፍለጋ ወደ ግሪክ፣ ወደ ሳሎኒካ ሄዱ። በሳሎኒካ አይሁዶች ለብዙ ትውልድ የወደብ ተሸካሚዎች ስለነበሩ፣ ወደቡ ራሱ ለረጅም ዘመን በሰንበት ይዘጋ ነበር። እነዚህን ሠራተኞች ከነቤተሰባቸው አመጧቸው። የአፍ መፍቻቸው ላዲኖ ነው። የተፈለጉት በእጃቸው ሙያ እንጂ በትምህርት ወረቀት አልነበረም።

እኛ በማኅበራዊ ኑሮ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህን ስናነብ ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም። ከወገኖቻችን መካከል ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲቀጠቅጥ የኖረው አባት፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ እናት፣ እዚህ ሲደርሱ በቅጹ ላይ ሙያ የሌለው ተብሎ ሲጻፍባቸው አይተናል። ብዙዎቹም በኮአሕ አዳም በኩል ለጽዳት ተልከዋል።

በኤፕሪል 1936 የአረቦች አድማ ተጀምሮ የያፎ ወደብ ሲዘጋ የሐይፋው ሥራውን ቀጠለ፤ ለዚህም ሳሎኒካውያኑ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። በዚያው ሰሞን፣ በሜይ 1936፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከጣልያን ወረራ ሸሽተው በእንግሊዝ የጦር መርከብ ሐይፋ ወረዱ። ሳሎኒካ ከቀሩት አይሁዶች ደግሞ ናዚዎች በ1943 ከ40 ሺህ በላይ ወደ አውሽቪትስ ወስደው አብዛኞቹን ጨረሱ።

ታሪኩ ሌላም ገጽታ አለው። የሂስታድሩት ዓላማ አረቦች በብዛት በሚሠሩበት ቦታ አይሁዶችን ማስገባት ነበር፤ አባ ሑሺም የዚሁ ዓላማ ሰው ናቸው። ይሁን እንጂ ለአረብ ሠራተኞች የተቋቋመውን ማኅበር ከመሩት አንዱም እርሳቸው ናቸው። ሁለቱ እንዴት አንድ ላይ እንደሚሄዱ እኛ አይገባንም።

በ1951 ከንቲባ ሆኑ። ቀይዋ ሐይፋ በሚባልበት በዚያ ዘመን የሂስታድሩት ደብተር የሌለው ሰው ሥራ ለማግኘት ይቸገር ነበር፤ ፕሮቴክጽያም እንደዛሬው ነበረ። በጁላይ 1959 በዋዲ ሳሊብ ሰፈር ፖሊስ አንድ የሞሮኮ ተወላጅ ተኩሶ ሲያቆስል፣ በጠባብ ቤትና በሥራ እጦት የተማረሩት ነዋሪዎች ወደ አደባባይ ወጡ። ሳሎኒካ ድረስ ሄደው ሰው የፈለጉት ከንቲባ፣ ከማዘጋጃ ቤታቸው ብዙ የማይርቀውን ሰፈር ሳያዩት ቀሩ ብንል ተሳስተናል አንልም።

የሠሩትን ግን ማንም አይክደውም። በ1959 ካርሜሊት የተባለው የምድር ውስጥ ባቡር ተከፈተ። በ1963 ደግሞ የአይሁዶችና የአረቦች መገናኛ የሆነው ቤት ሃጌፌን እና በኋላ የሐይፋ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ተቋም ተመሠረቱ። አባ ሑሺ በማርች 1969 በሥልጣን ላይ እንዳሉ ዐረፉ። ዩኒቨርሲቲው በ1972 ራሱን ቻለ፤ ከልጆቻችንም ብዙዎቹ እዚያ ተመርቀዋል።