ብሩኖ ፖንቴኮርቮና ያልተገኘው ፎቶን

ብሩኖ ፖንቴኮርቮ በ1913 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በኢጣሊያ አገር በፒሳ አጠገብ ተወለዱ። በሮም በኤንሪኮ ፌርሚ ዙሪያ ከተሰበሰቡት ወጣት ተመራማሪዎች በዕድሜ የሁሉ ታናሽ ስለ ነበሩ ጓደኞቻቸው ቡችላው የሚል የቀልድ ስም አወጡላቸው። በ1936 ወደ ፓሪስ ተሻገሩ፤ በትውልዳቸው አይሁዳዊ ነበሩና ከተማይቱ በ1940 በናዚ ጦር እጅ ስትወድቅ በብስክሌት ሸሽተው ወጡ።

ለሙያችን ግን ከሽሽታቸው ይልቅ የካናዳው ቆይታቸው ይበልጥ ቁም ነገር አለው። በ1947 በቾክ ሪቨር ከቴድ ሂንክስ ጋር ሆነው አንድ ጥያቄ አነሡ፤ ይኸውም በሴኮንድ 2.2 ሚሊዮንኛ ያህል ብቻ የሚኖረው ሙዮን ሲፈርስ አንድ ኤሌክትሮንና አንድ የጋማ ፎቶን ይሰጣልን የሚል ነበር። ሙዮን የሚያመርት የቅንጣት ማፍጠኛ መሣሪያ በእጃቸው ስላልነበረ ከሰማይ የሚወርደውን የኮስሚክ ጨረር መጠበቅ ግድ ሆነባቸው። እርሱም እንደ በጋ ካፊያ አልፎ አልፎ ጠብ የሚል ነው። ፎቶኑ አልተገኘም። ይሁን እንጂ ከዚያ ጥቂት ቅንጣት ተነሥተው በ1948 ሊሉ የቻሉት፣ እንዲህ ያለው አፈራረስ ቢኖር ከመቶ አሥር ያህል እንደማይበልጥ ብቻ ነው። በ1955 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሳይክሎትሮን የተመረቱ ሙዮኖች ሲመረመሩ ግን ወሰኑ በአንድ ጊዜ ከ50,000 አንድ ወደ መሆን ዝቅ አለ።

በዚህ መካከል ፖንቴኮርቮ በ1950 ከነቤተሰባቸው ተሰውረው ሶቪየት ኅብረት ገብተው ነበር። ምሥጢር አሳልፈዋል የሚለው ወሬ አልተረጋገጠም፤ እኛም በዚህ ፈራጅ ለመሆን አንሻም። ዱብና ሳሉ በ1959 የኤሌክትሮን ኒውትሪኖና የሙዮን ኒውትሪኖ የተለያዩ መሆን አለመሆናቸውን በማፍጠኛ መሣሪያ ጅረት መፈተን እንደሚቻል ጻፉ። የዱብናው መሣሪያ ጉልበት ለዚህ አይበቃም ነበርና ሙከራውን በ1962 በብሩክሄቨን ሌሎች ፈጸሙት፤ የ1988ቱም የኖቤል ሽልማት ለእነዚያ ሆነ። ይህ ዛሬም ቅር ያሰኛል።

ፖንቴኮርቮ በ1993 በዱብና ዐረፉ። የቾክ ሪቨር ጥያቄያቸው ግን አልተዘጋም። በስዊስ አገር በፓውል ሼረር ተቋም በየሴኮንዱ 30 ሚሊዮን ሙዮን እየተመረመረ የተገኘውና በ2016 ይፋ የሆነው ውጤት፣ ከ2 ትሪሊዮን ሙዮን አንድ እንኳ በዚያ መንገድ እንደማይፈርስ አሳየ። እዚያው ከዚህ የበረታ ጅረት ነበረ፤ ነገር ግን ሁሉን መልቀቅ አይጠቅምም ነበር። ጅረቱ እጥፍ ሲሆን እውነተኛው ምልክት እጥፍ ያድጋል፤ ከተለያዩ ሙዮኖች ወጥተው በአጋጣሚ የሚገጣጠሙ ቅንጣቶች የሚፈጥሩት የሐሰት ምልክት ግን አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጊዜንና ጉልበትን ይበልጥ አጥርቶ የሚለይ መመልከቻ አስቀድሞ ተሠራና ከ2021 ጀምሮ በበረታ ጅረት ፍለጋው እንደገና ተያዘ።