ቶም ሲምፕሰንና የቫንቱ ዳገት

በወላይታ ሶዶ፣ ከዳሞታ ግርጌ ቢስክሌት ለሚነዱ ወጣቶች የእንግሊዛዊውን የቶም ሲምፕሰንን ሕይወት ብናወሳ ይጠቅማል እንላለን።

ሲምፕሰን በ1930 ዓ.ም. ከከሰል ድንጋይ ቆፋሪ ቤት ተወለደ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በሜልቦርን ኦሊምፒክ፣ በ1949 ዓ.ም.፣ ከጓደኞቹ ጋር የነሐስ ሜዳይ አገኘ፤ በ1957 ዓ.ም. የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ሐምሌ 6 ቀን 1959 ዓ.ም. በፈረንሳይ ዙር ውድድር፣ በከፍታው ከዳሞታ በሚያንሰው በቫንቱ ተራራ ላይ ወድቆ በ29 ዓመቱ ሞተ። አስከሬኑ ሲመረመር አምፌታሚንና አልኮል ተገኘበት። መድኃኒቱ ድካሙን ስለ ሸሸገበት፣ በዚያ ሐሩር ማረፍ ሲገባው ወደ ላይ ገፋ።

ዛሬ የታመመ ተወዳዳሪ የተከለከለ መድኃኒት የሚወስደው በሐኪም ማስረጃ ፈቃድ ሲያገኝ ነው፤ ፈቃዱ ግን ለአንዳንዶች መሸሸጊያ ሆኗል የሚለው ጥርጣሬ አልጠፋም። መድኃኒት ሕመምን ሊፈውስ እንጂ ድካምን ሊደብቅ አልተሠራም፤ ድካም የሰውነት ማስጠንቀቂያ ነውና።